መሐሉን ያጣ ጥለት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ከአንድ ሱቅ ዱንጉዛ የተባለው የጋሞ ጥለት ያለበት ሻርፕ ሳገላብጥ አጠገቤ የቆሙ አዛውንት የጋሞ ሸማኔ ጫፉን ያዝ አደረጉት። «ልጄ፣ ይኼ የታተመ ነው፤ ጀርባውን እየው።» ጀርባው ነጭ ነው። ስፌቱ ላይ ደግሞ ጌጡ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል። «መሐሉን ያጣ ጥለት ምኑ ጥለት ነው?» አሉኝ። ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ።

በእጅ ሲሠራ ሸማኔው ከድሩ መሐል ተነስቶ ይቆጥራል፤ በቀኝ ያነሳውን ያህል ክር በግራም ያነሳል። «እኔ ሥዕል አልስልም፣ እቆጥራለሁ» ይላሉ አዛውንቱ። «አንዷን ክር ከሳትኳት እስከ ጫፍ ትከተለኛለች፤ ፈትቼ መመለስ ነው። ግራው ቀኙን ካላወቀው ልብሱ ሰው አይሆንም።»

ይህ የግራ ቀኝ ቆጠራ በሒሳብም ይታወቃል፦ በአንድ መስመር የሚደጋገም ጌጥ ሊይዝ የሚችለው የመመሳሰል (ሲሜትሪ) ሥርዓት 7 ዓይነት ብቻ ነው፤ ገጽ ለሚሞላው 17። 17ቱን ሩሲያዊው ፌዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1891 አረጋግጧል። የሒሳብ ሊቁ ዶናልድ ክሮው የኮንጎ ኩባ ሕዝብን ጌጦች መርምሮ 7ቱንም፣ ከ17ቱም 12ቱን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከአንትሮፖሎጂስቷ ዶሮቲ ዋሽበርን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ የሁለቱ ትኩረት ሌላ ነው፦ አንድ ማኅበረሰብ ከሚቻሉት ውስጥ ጥቂቱን መርጦ ሙጥኝ ይላል። እኔም እንደማምነው፣ የዓለም እይታው የሚነበበው ከምርጫው ነው። ምርጫው እኛም ዘንድ ይታያል፦ የሲዳማ የቀርከሃ ቤት ክብ ነው፤ እንደ ቅርጫት ዙሪያውን ተሠርቶ አናቱ ላይ ይገጥማል። ነጠላ በሁለቱም ጫፍ ጥለት አለው፤ ለባሿ ለደስታ ወደ ታች ትለቀዋለች፣ ለኀዘን ጥለቱን ወደ ፊቷ ታወጣዋለች።

ሕጉ ግን እንዲህ ላለው የማኅበረሰብ ጥለት ቦታ የለውም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ንድፍን የሚጠብቀው አዲስ ከሆነ ነው፤ ዱንጉዛ ደግሞ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀትን ቢያነሳም ጉዳዩ ከዘረ መል ሀብት ጋር የተያያዘው ዕውቀት ነው። ክፍተቱን ማን እንደሚሞላው አንድ ኃላፊ ጠየቅሁ። «በደብዳቤ አቅርብ» አሉኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ የለም።

እስከዚያው የታተመው በርካሽ ይሸጣል፤ የአዛውንቱ ልጆች ሽመናውን ትተው ባጃጅ ይነዳሉ። ሸማቹን የሚያሳስት መረጃ ግን በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። «የታተመ» የሚል ጽሑፍ ሻርፑ ላይ ይለጠፍ ቢባል ሌላ አዋጅ መጠበቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።