ማዕበል ጠሪ ስለ ተባለችው ወፍ

በአትላንቲክ ውቅያኖስና በሜዲትራኒያን ባሕር፣ እንግሊዞች «ስቶርም ፔትረል» የሚሏት ጥቁር ወፍ ትገኛለች። ክብደቷ 25 ግራም ያህል ነው። የጥንት መርከበኞች ግን ይህችን ትንሽ ፍጥረት ዐውሎ ነፋስ ታመጣለች እያሉ ይፈሯት ነበር።

ክሱ ከየት እንደ መጣ ብንመረምር፣ ከአኗኗሯ የመነጨ ይመስለናል። ከመራቢያዋ ወራት በቀር ወደ የብስ አትቀርብም፤ ያን ጊዜም ጎጆዋ የምትገባው በሌሊት ነው። ነፋስ ሲበረታ ግን መርከብ ትጠጋለች፤ መርከቡ ያተራመሰው ውሃም ጥቃቅን ምግብ ያወጣላታል። መርከበኛው ወፊቱንና ማዕበሉን በአንድነት አየ፤ አብራ የመጣችውን አምጪ አደረጋት።

ምግቧን ስትለቅም ክንፏን ዘርግታ በውሃ ላይ የምትራመድ ትመስላለች። የባሕር ተጓዡ ዊልያም ዳምፒየር በ1703 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ መርከበኞች «ፔትረል» ያሏት ቅዱስ ጴጥሮስ በባሕር ላይ መሄዱን በማሰብ ነው ይላል። (ጴጥሮስ መስጠም መጀመሩን ግን ስሙ አያነሣም።) ቃሉ ቀድሞ በሌላ አጻጻፍ ስለሚገኝ፣ ሊቃውንት ይህን ትርጓሜ ይጠራጠሩታል።

ሳይንስም ቢሆን ከመርከበኛው አልራቀም፤ ሊኔየስ በ1758 የሰጣት «ፕሮሴላሪያ» የተባለው ስም ዐውሎ ነፋስ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው።

በሩሲያ ደግሞ ክሱ ወደ ምስጋና ተለወጠ። ማክሲም ጎርኪ በ1901 በጻፈው ዝማሬ «ቡሬቬስትኒክ»፣ ማለት ማዕበል አብሳሪ፣ የአብዮት ምልክት ሆነ። ነገር ግን ቃሉ የሚያመለክተው ትልልቆቹን ዘመዶቿን ነው፤ እርሷን ሩሲያውያን «ካቹርካ» ይሏታል። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች «ስቶርሚ ፔትረል» ብለው ስለ ጻፉት፣ ዝናው ለትንሿ ተረፈ።