ብራኬቱን ያስወደደው ዶላሩ ብቻ አይደለም

ካሜራ ውድ መሆኑን ሁሉም ተቀብሎታል። ካምባ ከተማ ውስጥ ሱቁን በካሜራ ለማስጠበቅ ያሰበ ነጋዴ እንኳን፣ ከመርካቶ ተነስቶ በሻሸመኔና በሶዶ አርባ ምንጭ የገባ፣ ከዚያም የጋሞን ተራሮች ጥምዝ መንገድ የወጣ ዕቃ ርካሽ ይሆናል ብሎ አይጠብቅም። የሚያንገበግበው ሌላ ነው፤ ካሜራውን ኮርኒስ ላይ የምታንጠለጥለው ብራኬት። መዳፍ የማትሞላ ብረት፣ ሦስት ብሎን፣ አንድ መታጠፊያ። «ለዚች ነው ይህን ሁሉ የምከፍለው?» ይልና ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳል።

ብየዳ ቤቱ መልስ አለው። ከበርና መስኮት ሥራ የተረፈ ቱቦላሬ በክንድ ልክ ይቆረጣል። አንዱ ጫፍ ላይ አራት ቀዳዳ ያለው ላሜራ ይበየድበታል፤ በሌላው ጫፍ የካሜራው መቀመጫ በብሎንና በዳዶ ይታሰራል፤ ገመዱ በቱቦላሬው ውስጥ ያልፋል። ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ካሜራ ከበቂ በላይ ነው። ጥበቡ ያለው አሰቃቀሉ ላይ ነው፦ ቺፑድ ኮርኒሱን አምኖ መምታት አይሆንም፣ ከላዩ ያለውን ሞራሌ ፈልጎ እዚያው ማሰር ነው። አለዚያ ዝናብ ቆርቆሮውን በደበደበ ቁጥር ኮርኒሱ ይርገበገባል፤ ካሜራውም የራሱን መንቀጥቀጥ ለሌባ ቆጥሮ ሌሊቱን ሙሉ ባለቤቱ ስልክ ላይ ማስጠንቀቂያ ሲልክ ያድራል።

እንግዲህ ቻይና ውስጥ ማሽን በሺዎች እያተመ የሚያወጣው ብራኬት፣ አንድ በያጅ ሰዓት አጥፍቶ በእጁ ከሠራው ጋር በዋጋ የሚፎካከረው እንዴት ሆኖ ነው?

ገበያው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዶላር እጥፍ ሆነ፣ ዕቃውም ተከተለው። ከመንግሥት በኩል የሚሰማው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አብዛኛው አስመጪ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዋጋ ሲሸጥ ስለኖረ የባንኩ ምንዛሪ መለወጥ ዋጋ ሊያስጨምር አይገባም፤ የጨመረ ካለ ስግብግብ ነጋዴ ነው።

ከሁለቱ ለእውነት የሚቀርበው የመንግሥቱ ነው። ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ የቆመውም ለራሱ በሚመቸው ቦታ ነው። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ በባንክ ዶላር ይገቡ ነበር። የካሜራ ብራኬት አስመጪ ግን ወረፋው ደርሶት በ57 ብር ዶላር ያገኘበት ጊዜ ካለ ዕድለኛ ነበር። ዶላሩን ሲገዛ የኖረው ከመንገድ ነው። ስለዚህ የዶላር ወጪው በእርግጥ እጥፍ አልሆነም። እጥፍ የሆነው ጉምሩክ ላይ የሚከፍለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው ዶላሩን በስንትም ይግዛው፣ ጉምሩክ የዕቃውን ዋጋ ወደ ብር የሚለውጠው በባንክ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪው ከመለቀቁ ጥቂት ቀደም ብሎ የመቶ ዶላር ዕቃ ቀረጥ የሚታሰበው በ5,700 ብር ላይ ነበር። ከተለቀቀ ወዲህ የቀረጥ መጣኔው አንድ ነጥብ ሳይነካ መሠረቱ ከእጥፍ በላይ ዘለለ። ለዚህ አዋጅ አልወጣም፣ ምክር ቤትም አልተከራከረበትም።

በቁጥር እንየው። ወደብ የደረሰበት ዋጋ አንድ ዶላር የሆነ ብራኬት እንውሰድ፤ የጉምሩክ ቀረጡን ለስሌቱ ያህል 20 በመቶ እንበለው። በዚህ ላይ 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ አለ። 15 በመቶው ቫት የሚሰላው ዋጋውና ቀረጡ ተደምረው ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው 10 በመቶ ሱር ታክስ ደግሞ በዋጋው፣ በቀረጡና በቫቱ ድምር ላይ ይጫናል፤ ታክስ በታክስ ላይ ማለት ነው። ምንዛሪው 57 ሳለ የነዚህ ሁሉ ድምር 31 ብር ገደማ ይመጣል። ምንዛሪውን 120 እናድርገውና እንደገና እንደምር፦ 66 ብር።

አስመጪው ዶላሩን ከመንገድ ላይ፣ በፊት በ115፣ ኋላ በ120 ብር ገዛው እንበል። ድሮ 115 እና 31፣ በድምሩ 146 ብር ያወጣ የነበረው ሰው አሁን 186 ብር ያወጣል። ከጨመረው 40 ብር ውስጥ በዶላሩ የመጣው 5 ብር ብቻ ነው። 35ቱን የወሰደው ጉምሩክ ነው። ገበያው እንደሚለው እጥፍ አልሆነም፤ ባለሥልጣናቱ እንደሚሉትም ባለበት አልቆመም።

ብራኬቱ ጉምሩክን ጨርሶ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይደርስበታል። የኛ ነጋዴ ትርፉን የሚይዘው በመቶኛ ነው። ታክሱም ለሱ የዕቃው ዋጋ አካል ስለሆነ በታክሱም ላይ ያተርፋል። መርካቶ ያለው አከፋፋይ፣ የአርባ ምንጩ ጅምላ ሻጭና የካምባው ቸርቻሪ እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ቢይዙ 146 ብሩ ካምባ ሲደርስ 222፣ 186 ብሩ ደግሞ 283 ይሆናል። ያቺ 35 ብር ታክስ መንገድ ላይ ወደ 53 ብር አድጋለች፣ እንደ ሊጥ። በደንቡ ቢሆን ቫቱን ተመዝጋቢው ያወራርደዋል። ደረሰኝ በማይቆረጥበት ሰንሰለት ውስጥ ግን ወጪ ሆኖ ይቀራል፤ ሰንሰለቱ በረዘመ መጠን ደግሞ ደረሰኝ እየጠፋ ይሄዳል። የመኪና ኪራዩን ገና አልነካሁትም።

ይህ ዓምድ የገቢ ዕቃ ዋጋ የሚቆረጠው ሞጆ እንጂ መርካቶ አይደለም ሲል ቆይቷል። ጉምሩክ ገቢዬ አደገ ብሎ ሲያበሥር የምጠይቀውም ስለዚህ ነው፦ ከዕድገቱ ምን ያህሉ የዕቃ ብዛት ነው፣ ምን ያህሉ የምንዛሪ? ለይቶ የሚነግረን የለም። የስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ግሽበት አሃዝም አይረዳንም። የሸማቹ ቅርጫት ክብደት የተወሰደው ከ2008 ዓ.ም. የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናት ነው። ያኔ የካምባ ባለሱቅ ካሜራ የሚያስገጥም ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሱቅ ወጪ በቤተሰብ ቅርጫት ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለው ጭማሪ ግሽበቱ ረገበ በሚል ዜና ስር ተሸፍኖ ያልፋል።

«ኢትዮጵያ ታምርት» የሚሉ ወገኖች የበያጁን ብራኬት ቢያዩ ተኪ ምርት ብለው ያጨበጭቡለት ነበር። እኔ አላጨበጭብም። በያጁ ቻይናን ያሸነፈው ከላይ ባሰላነው የታክስ ክምር ልክ ነው፤ ሱር ታክሱ ነገ ቢነሳ ደንበኛው ተመልሶ ወደ ሱቅ ይሄዳል። የሚነሳ ግን አይመስለኝም። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ሳለ መንግሥት እጁ የገባውን የታክስ መሠረት የሚለቅበት ምክንያት የለውም።

የበያጁ ጥቅም ራሱ ዕድሜ የለውም። ዛሬ የሚቆርጠው ቱቦላሬ ድሮ ተገዝቶ የተረፈ፣ ቀረጡ በአሮጌው ምንዛሪ የተከፈለበት ነው። አዲሱ ቱቦላሬ የሚጠቀለለው ከውጭ በመጣ ብረት ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ቁርጥራጭ ሲያልቅ የካምባው በያጅ የሚጠይቀው ዋጋ ባለሱቁ ከሸሸው ዋጋ ብዙም አይርቅም።