መሬቱን አደከመ የተባለው ትል

የጾም ወጥ የሚገኝባት ጓሮ ለቤተ ሰብ ታላቅ ረዳት ናት። ታዲያ ካሮቱ ሲነቀል እንደ ጣት ተከፋፍሎ፥ ቀጫጭን ሥሮቹም እባጭ አውጥተው ቢገኙ ብዙዎቻችን «መሬቱ ደክሟል» ብለን ፍግ እንጨምርለታለን።

ይህንኑ አሳብ የጀርመን ገበሬዎችም አስበውት ነበር። ስኳር የሚወጣበትን ነጭ ሥር በአንድ መሬት ላይ በያመቱ ሲዘሩ ምርቱ ስለ ቀነሰ፥ መሬቱ ሰብሉን የሰለቸው መሰላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ግን ሄርማን ሻኽት የተባለው የዕፀዋት ሊቅ በታመሙት ሥሮች ላይ ኔማቶድ የሚባለውን ጥቃቅን ትል አገኘ፤ ትሉም በ1871 በእርሱ ስም ተሰየመ። እንስቲቱ ስትሞት ቆዳዋ ጠንክሮ ቡናማ ከረጢት ይሆናል፤ በውስጡም በመቶ የሚቈጠር እንቍላል ለብዙ ዓመታት ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ መሬቱን አንድ ዓመት ማሳደር ብቻውን አይበቃም።

ዩሊዩስ ኩን የተባለው ሌላው ጀርመናዊ የእርሻ ሊቅ ትሉን በወጥመድ ሊይዘው አሰበ። ትሉ የሚወደውን ሰብል ይዘራል፤ ትሉ ወደ ሥሩ ከገባ በኋላ፥ ሳይራባ፥ ሰብሉን ይነቅላል። ብልሃቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን መንቀያውን ቀን ያሳለፈ ሰው ጠላቱን ራሱ ቀልቦ አሳደገው ማለት ነው!

የካሮታችንን ሥር የሚያሳብጠው የዚሁ ትል ዘመድ ነው። ጫጩቱ ከግማሽ ሚሊሜትር አይበልጥም። በሥሩ ጫፍ ገብቶ በአንድ ስፍራ ይቀመጣል፤ በዙሪያው ያለውንም የሥር አካል አሳብጦ ምግቡን ከዚያ ይስባል። አፈሩ ሞቃት ሲሆን በአንድ ወር ገደማ ሌላ ትውልድ ይተካል። ውሃ ጠጥቶ ሳለ በቀትር የሚጠወልግ ተክል ቢታይ ነቅሎ ሥሩን መመርመር ይገባል። በባቄላ ሥር ላይ ያለው ፍሬ መሰል ነገር ግን ጠቃሚ ነው፤ በጣት ሲነኩት በቀላሉ ይረግፋል፤ የትሉ እባጭ ግን ከሥሩ ጋር አንድ አካል ስለ ሆነ አይለይም።

ቲማቲምም ይህን ትል በእጅጉ ይመግበዋልና በተበከለ የቲማቲም መደብ ላይ ካሮት መዝራት አይበጅም። ያበጡትን ሥሮች ማቃጠል እንጂ ወደ ፍግ ጕድጓድ መጣል ትሉን መልሶ መዝራት ነው። በበጋ አፈሩን ደጋግሞ ገልብጦ ለፀሐይ መስጠት ቍጥሩን ይቀንሰዋል። ከጎረቤት የመጣ ችግኝም ሥሩ ሳይታይ አይተከል፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ ብዙ ያስከፍላል።

የተበላሸውን ካሮት ግን እመቤቶች አይጣሉት። ይህ ትል ሰውን አይጎዳም፤ ልጦና አጥቦ መቀቀል ነው።