መምህር የሌለበት ትምህርት፦ የስዊድን የጥናት ክበብ

ስምንት ወይም አሥር ሰዎች በሳምንት አንድ ምሽት ይገናኛሉ። ለዚያ ሳምንት የተመደበውን ምዕራፍ ሁሉም በየቤቱ አንብቦ ይመጣል። ከመካከላቸው አንዱ ተራ ይሰጣል፣ ወሬው ከመንገድ ሲወጣ ይመልሳል እንጂ አያስተምርም። ፈተና የለም፤ መጨረሻ ላይ ሥራ የሚያስቀጥር የምስክር ወረቀትም የለም። ስዊድኖች የጥናት ክበብ የሚሉት ይህን ነው። የሕዝቧ ቁጥር ከ10 ሚሊዮን እምብዛም በማይበልጥ አገር፣ ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት በነበሩት ዓመታት በየዓመቱ ከ250,000 በላይ ክበቦች ይካሄዱ ነበር፤ የሚጠናውም ከሠራተኛ ሕግ እስከ ስፓንኛ፣ ከመንደር ታሪክ እስከ ጊታር ነው። ማንም ሳያስገድደው፣ ዲግሪም ሳያገኝበት፣ ከሥራ የደከመ ጎልማሳ ምሽቱን ለዚህ የሚሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው? ብዙዎች የቡድኑን ትንሽነት ያነሣሉ። እኔ ግን ዋናው ነገር መልሱን ማንም አስቀድሞ የማይወስንላቸው መሆኑ ይመስለኛል፤ ክበቡ የሠራባቸውም የከሸፈባቸውም ጊዜዎች ይህንኑ ያሳያሉ።

ነገሩ የተጀመረው ከድህነት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ከስዊድን ወደ አሜሪካ የሚሰደደው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ የመጠጥ ሱስም ቤተሰብ ይፈታ ነበር። መጠጥን የሚቃወሙ ማኅበራት አባሎቻቸውን ከመጠጥ ቤት ካወጡ በኋላ ምሽቱን በምን እንደሚሞሉት መላ መፈለግ ነበረባቸው። በ1902 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሉንድ ከተማ ኦስካር ኦልሶን የተባለ የዚያ ንቅናቄ ሰው የመጀመሪያውን ክበብ አቋቋመ። መምህር ለመቅጠር ገንዘብ አልነበረም፤ መጽሐፍ ግን በጋራ ሊገዛ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሊዞር ይችላል። አንብበው የጨረሷቸው መጻሕፍት ተጠራቅመው ቤተ መጻሕፍት ሆኑ። በ1912 መንግሥት ለክበቦች የመጽሐፍ መግዣ ድጎማ መስጠት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የሠራተኞች የትምህርት ማኅበር ተመሠረተ። የዚህ ማኅበር መሪ የነበረው ሪካርድ ሳንድለር በ1925 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የስዊድን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በፓርላማ ምርጫ ድምፅ የሰጡት በ1921 እንደሆነ ልብ ይሏል፤ ብዙ ሰው አጀንዳ መያዝን፣ ተቃውሞን ሳይቆጡ መስማትን፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍን የተለማመደው ገና የመምረጥ መብት ሳይኖረው ነው።

እዚህ ላይ ቀላል የማይባል ተቃውሞ ይነሣል። የማያውቁ ሰዎች ተሰብስበው ምን ይማራሉ? ዕውር ዕውርን ቢመራ ሁለቱም ገደል አይገቡም ወይ? ሥጋቱ እውነት ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለድልድይ ሥራ ክበብ አይበቃም። ነገር ግን መምህር አለመኖሩ ዕውቀት አለመኖሩ አይደለም፤ ዕውቀቱን መጽሐፉ ያመጣዋል፤ የክበቡ ድርሻ ከአባላቱ ኑሮ ጋር ማገናዘብ ነው። በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ የሆነው ጥሩ ማስረጃ ነው። የቅዱስ ፍራንሲስ ዣቪየር ዩኒቨርሲቲ በ1928 ባቋቋመው ክፍል አማካይነት፣ ቄስ ሞዘስ ኮዲ ድሆች ዓሣ አጥማጆችን በየወጥ ቤታቸው በትናንሽ ቡድን እንዲያጠኑ አደረጉ። የመጀመሪያው ጥያቄ የዓሣችንን ዋጋ የሚወስነው ማነው የሚል ዓይነት ነበር። መልሱ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አልነበረም፤ ነጋዴው ስንት እንደሚከፍል የሚያውቁት አጥማጆቹ ናቸው። ከጥናቱ የወጣውም የቁጠባና ብድር ማኅበርና የራሳቸው የዓሣ ማሸጊያ ነው።

የክበቡን ባሕርይ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ግን እንደ ውድቀት የሚጠቀሰው ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ ስዊድን በኑክሌር ኃይል ጉዳይ ስትከፋፈል መንግሥት ለጥናት ማኅበራት ገንዘብ መድቦ ሕዝቡ ጉዳዩን በክበብ እንዲያጠና አደረገ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሳተፉ። ጥናቱ ሲያበቃ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልተገኘም፤ ብዙዎቹ ያመነቱ ነበር፤ ክርክሩም እስከ 1980ው ሕዝበ ውሳኔ ቀጠለ። ፖለቲከኞቹ መልስ ፈልገው ነበርና ቅር ቢላቸው አይገርምም። በእኔ ሚዛን ግን ይህ ክበቡ በትክክል መሥራቱን ያሳያል። መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቢሆን ኖሮ በአንድ ድምፅ ይወጣ ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ነጥብ ሩቅ አይደለም። ከአብዮቱ በፊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማርክስን በድብቅ ያነበቡት በጥናት ክበብ ነው፤ በደርግ ዘመን የውይይት ክበብ በየመሥሪያ ቤቱ ተቋቁሞ መቅረት የሚያስጠይቅ ሆነ፤ ኋላም የአንድ ለአምስት አደረጃጀት መጣ። ስለዚህ የክበብን ስም ሲሰማ የሚጠራጠር ኢትዮጵያዊ ምክንያት አለው። ቅርጹ በሁሉም አንድ ነው፦ ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ጽሑፍ። የሚለየው ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት ቢቀር ምን ይደርስበታል የሚለው ነው። ስዊድንም ብትሆን ከፖለቲካ የጸዳች አልነበረችም፤ ክበቦቹን ያስፋፉት ፓርቲዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኡሎፍ ፓልመም አገሩን የጥናት ክበብ ዴሞክራሲ ብሎ እስከ መጥራት ደርሷል። ግን ሶሻል ዴሞክራቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሊበራሉም የየራሳቸው የጥናት ማኅበር ስላላቸው፣ አንዱ ያልጣመው ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል።

የቀረው ችግር ገንዘቡ ነው። ከ1947 ጀምሮ መንግሥት የሚደጉመው ራሱን ክበቡን ነው፤ ይዘቱን ግን አይወስንም። ይዘቱን ካልወሰነ የሚቆጥረው የሰው ብዛትና የሰዓት ብዛት ይሆናል፤ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ይጭበረበራል። ባለፉት ዓመታት ያልተሰበሰቡ ሰዎች እንደተሰበሰቡ ተመዝግበው ተገኝተዋል፤ ማኅበራትም ገንዘብ መልሰዋል፤ የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ቁጥጥሩ ደካማ ነበር አለ። የሮክ ባንድ ልምምድ ለምን እንደ ጥናት ይቆጠራል የሚል ወቀሳም አለ፤ እኔን ይህኛው እምብዛም አያስጨንቀኝም፣ አራት ወጣቶች ያለ አለቃ አንድ ዘፈን ማውጣታቸው ትምህርት ነው። መንግሥት በ2023 እስከ 2026 ድረስ ከድጎማው ደረጃ በደረጃ 500 ሚሊዮን ክሮና ለመቀነስ ወሰነ። ማጭበርበርን በቅነሳ መቅጣት ግን ኢላማውን የሚስት ይመስለኛል። የስቶክሆልም ነዋሪ ክበቡ ቢዘጋበት ሌላ ኮርስ ከፍሎ ይማራል፤ በሰሜን ጫካ ውስጥ ባለች ከተማ ግን ማኅበሩ የሚከራየው አዳራሽ ከተዘጋ ምሽት ላይ ሰው የሚገናኝበት ሌላ በር ላይኖር ይችላል።