ፎቶግራፉ ምን ይናገራል?

ልጆች፣ ፌስቡክና ቲክቶክ 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ ገጽ እንዳይከፍት በደንባቸው ከልክለዋል። (በታላቅ ወንድም ስልክ ሲሆን የተፈቀደ የሚመስላቸው አሉ!)

እስቲ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ የሚኖር አንድ ልጅ እናስብ። የደንብ ልብሱን ለብሶ በራቸው ላይ የተነሣውን ፎቶግራፍ ለጠፈ። ማሳየት የፈለገው አዲሱን ጫማውን ነው። የማያውቀው ሰው ግን ከደረቱ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ከበሩ የቤቱን ቁጥር ያነብባል። «ለበዓል ክፍለ ሀገር ሄደናል» ብሎ ቢጨምርበትማ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን ለሌባ ነገረው ማለት ነው።

«ኋላ ቢያጠፋውስ?» ትሉ ይሆናል። ከገጹ ይጠፋል፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ ወደ ስልኩ የገለበጠው ግን አይጠፋም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ!

ጓደኛ ሲያንቀላፋ አንሥቶ ለሣቅ መለጠፍ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። እርሱ አልተጠየቀም፤ በማግሥቱም ከሣቁበት ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል።