ርካሹ ትራይፖድ ስንት ያስከፍላል?

ለካሜራና ለሌንስ ገንዘቡን ሳይሰስት ያፈሰሰ ሰው፣ ተራው የትራይፖድ ሲሆን እጁ ያጥርበታል፡፡ “ሦስት ዘንግና አንድ ብሎን ምን ያህል ሊያወጣ ነው?” ብሎ ከመደርደሪያው ላይ ዝቅተኛውን ዋጋ ይመርጣል፡፡ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ለዚህ ገበያ የተነገረ ይመስላል፡፡ ደካማ መቆሚያ በነፋስ ተገፍቶ ሲወድቅ ብቻውን አይወድቅም፤ የእሱን ብዙ እጥፍ የሚያወጣውን ካሜራ ይዞ ነው የሚወድቀው፡፡

ነገሩን ይበልጥ ያከበደው የምንዛሪው ጉዳይ ነው፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፡፡ በውጭ ገበያ 100 ዶላር የሚሸጥ ትራይፖድ፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመርበት፣ መነሻው ከ5 ሺህ 700 ብር ወደ 10 ሺህ ብርና ከዚያ በላይ ተሸጋገረ ማለት ነው፡፡ እንዲህ ባለ ጊዜ ውድ የሚባለው ትልቅ ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ ሳይሆን ሁለት ጊዜ የሚገዛው ዕቃ ነው፡፡

ዕቃው ከየት መጣ?

የጉዞ ትራይፖድ የሚባለው ሲታጠፍ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሚሆን፣ ክብደቱም በ1 ኪሎና በ1 ኪሎ ተኩል መካከል የሚገኝ ዓይነት ነው፡፡ መነሻው የባለጸጋ ዕቃ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1917 በፈረንሳይ የተመሠረተው ጂትዞ በ1994 ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ትራይፖድ ለገበያ አቀረበ፡፡ ይኸው ድርጅት ቆይቶ እግሮቹ ወደ ላይ 180 ዲግሪ ዞረው፣ ካሜራው የሚታሰርበትን ራስ በመካከላቸው አቅፈው የሚታጠፉበትን አሠራር አመጣ፡፡ ይህ አሠራር የራሱን ቁመት ያህል ቦታ ያተርፋል፡፡

ዛሬ ሁለቱም ነገሮች የብዙኃን ሆነዋል፡፡ በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት፣ ዦንግሻን ከተማ የሚገኙት ቤንሮ፣ ሲሩይና ሊዮፎቶ ይህንኑ አሠራር በዝቅተኛ ዋጋ ያወጣሉ፡፡ በውጭ ገበያ ራሱን ጨምሮ በግምት ከ80 እስከ 150 ዶላር ደህና የአሉሚኒየም፣ ከ150 እስከ 250 ዶላር ደግሞ ደህና የካርቦን ትራይፖድ ይገኛል፡፡ ከ50 ዶላር በታች ባሉት ላይ መጋጠሚያው ፕላስቲክ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ነው፡፡

ለ290 ግራም 250 ዶላር

ገዢውን በመጀመሪያ የሚያወዛግበው የካርቦንና የአሉሚኒየም ምርጫ ነው፡፡ ፒክ ዲዛይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2019 ያወጣው የጉዞ ትራይፖድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፡፡ በቅርጽና በቁመት አንድ ሆነው አሉሚኒየሙ 350፣ ካርቦኑ 600 ዶላር ነበር ለገበያ የቀረቡት፡፡ አሉሚኒየሙ 1.56፣ ካርቦኑ 1.27 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፡፡ ልዩነቱ 290 ግራም ሲሆን የተከፈለበት 250 ዶላር ነው፡፡ በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ግራም 86 ሳንቲም ወጥቶበታል፡፡

ካርቦን ሌላም ጥቅም አለው፡፡ ንዝረትን ቶሎ ያበርዳል፣ በብርድ አገር እጅ አያቀዘቅዝም፡፡ ጉዳቱ ደግሞ በኃይል ሲመታ መሰንጠቁ ነው፤ አሉሚኒየም ግን ቢጎብጥም አገልግሎቱን ይቀጥላል፡፡ ተራራ ለተራራ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው የግራሙ ዋጋ ሊያዋጣ ይችላል፡፡ መሣሪያውን በመኪና ለሚያጓጉዝ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ያው 250 ዶላር ሌላ ቦታ ቢውል ይሻለዋል፡፡

ሚሊ ሜትሩ ይቆጠር

ከቁሱ ይልቅ ጥንካሬውን የሚወስነው የእግሩ ውፍረት ነው፡፡ ሥራው እንዲህ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት እኩል ከሆነ፣ የቱቦ አልጎብጥ ባይነት ስፋቱ በጨመረ ቁጥር በሦስት ደረጃ ብዜት ይጨምራል፡፡ የላይኛው ቱቦ 22 ሚሊ ሜትር ከሆነው ይልቅ 28 ሚሊ ሜትር የሆነው እጥፍ ያህል ይጠነክራል፡፡ በዓይን ሲያዩት ልዩነቱ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ግን ይለያል፡፡

የእግሩ መገጣጠሚያ ብዛትም እንዲሁ ነው፡፡ እያንዳንዱ ቱቦ በላይኛው ውስጥ ስለሚገባ በተለምዶ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይቀጥናል፡፡ ከ25 ሚሊ ሜትር የሚጀምር ባለ አራት ክፍል እግር በ16፣ ባለ አምስቱ በ13 ሚሊ ሜትር ያልቃል፡፡ ባለ አምስቱ ሲታጠፍ ቢያጥርም ሸክሙን መሬት ላይ የሚያደርሰው በቀጠነ ዘንግ ነው፡፡

ቁመትም በጥንቃቄ ይታይ፡፡ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር የመሃሉ ምሰሶ እስከ ጫፉ ተስቦ የሚለካ ነው፡፡ ምሰሶው በወጣ ቁጥር ካሜራው በአንድ ዘንግ ላይ እንደቆመ ያህል ይወዛወዛል፡፡ 1 ሜትር ከ70 ቁመት ላለው ሰው ራሱና ካሜራው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስለሚጨምሩ፣ ያለ ምሰሶ 1 ሜትር ከ35 የሚደርስ እግር ሳይጎነበስ ያሠራዋል፡፡

“12 ኪሎ ይሸከማል”

በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የሸክም ልክ ነጋዴም ደላላም የሚጠቅሰው ቁጥር ነው፡፡ ሁሉም አምራቾች የሚገዙበት አንድ የጋራ የመለኪያ ደንብ ግን የለም፡፡ አንዱ የማይሰበርበትን፣ ሌላው የማይንሸራተትበትን ልክ ይጽፋል፡፡ ሳይሰበር መሸከምና ሳይንቀጠቀጥ መያዝ ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡ እንደ ላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባለ ጨለማ ካሜራው ለሰከንዶች ተከፍቶ ሲቆይ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው፡፡

ስለዚህ ፍተሻው በባንኮኒው ፊት ቢደረግ ይሻላል፡፡ ገዢው የራሱን ካሜራና ከባዱን ሌንሱን ይዞ ይሂድ፡፡ እግሮቹን በሙሉ ዘርግቶ፣ ምሰሶውን ሳያወጣ፣ ከላይ በመዳፉ ይጫን፤ የሚንሸራተት መቆለፊያ ካለ ያኔ ይታወቃል፡፡ ቀጥሎ ካሜራውን አስሮ በስክሪኑ ላይ ምስሉን አጉልቶ አንዱን እግር በጣቱ ይምታ፡፡ መንቀጥቀጡ በአንድ ሁለት ሰከንድ ካቆመ ደህና ነው፤ ከቀጠለ ዋጋው ምንም ቢሆን ይተወው፡፡ በመጨረሻም ራሱን አዘንብሎ አጥብቆ ይቆይ፤ ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደ ራሱ ደካማ ነው፡፡

ከካሜራው ሥር የሚታሰረው ፕሌት የአርካ ስዊስ ዓይነት፣ ማለትም 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቢሆን ይመረጣል፡፡ ከብዙ አምራቾች ራስ ጋር ስለሚገጥም ቢጠፋ ምትክ አያስቸግርም፡፡ የራሱ ብቻ የሆነ ፕሌት ያለው ትራይፖድ ግን ፕሌቱ የጠፋ ዕለት ሦስት ዘንግ ሆኖ ይቀራል፡፡

ለሚያስመጣው ነጋዴ

ከዱባይም ሆነ ከቻይና ለሚያመጣ ነጋዴ ስሌቱ ከገዢው አይለይም፡፡ በአንድ ፋብሪካ የተሠራ ዕቃ በተለያየ ስም መሸጡ የተለመደ ስለሆነ፣ ስሙን ከማየት ውፍረቱን በመለኪያ መለካት ያዋጣል፡፡ ዕቃው ሲመጣ መለዋወጫ የጎማ ጫማ፣ የመቆለፊያ ቀለበትና ፕሌት አብሮ ቢመጣ ደንበኛ ይዞ ይቆያል፡፡ በዳሎል ጨውና በአዋሽ አቧራ የሚሠራ ሰው እግሮቹን ፈትቶ በንጹህ ውኃ ካላጠበ መቆለፊያው መንከሱ አይቀርም፤ የሚፈታ ትራይፖድ የሚሸጥ ነጋዴ በዚህ ምክንያት ቅሬታ አይበዛበትም፡፡

ተጓዡም ሚዛኑን አይርሳ፡፡ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ ክፍል ለእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው 7 ኪሎ ነው፡፡ 1 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ትራይፖድ ከዚህ ውስጥ ከአምስት አንድ እጁን ይወስዳል፡፡ ሹል ብረት ጫማ ያለው ደግሞ ፍተሻ ላይ ሊያስቆም ስለሚችል በሚጫነው ሻንጣ ቢሄድ ይሻላል፡፡

ኪሱ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃለት ገዢ እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ይያዝ፡፡ ከካርቦኑ በፊት ውፍረቱን፣ ከትልቁ ቁመት በፊት ጥብቅነቱን ይግዛ፡፡ 100 ዶላር አካባቢ የሚያወጣ፣ 25 ሚሊ ሜትር እግር ያለውና የሚፈታ የአሉሚኒየም ትራይፖድ ለብዙው ሥራ ይበቃል፡፡ ረዥምና ከባድ ሌንስ ያለው ወደ 28 ይውጣ፡፡ ከዚያ በታች ያለው ቅናሽ ግን ከካሜራው ላይ የሚቀነስ ነው፡፡