ለዶሮ ወጥ የትኛው ወይን ይሻላል?

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዝዋይ፣ በአሁኑ ስሟ ባቱ ይደርሳል። መንገደኛ ከተማዋን የሚያውቃት በሐይቋ ዓሣና በአበባ እርሻዎቿ ነው። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ግን የወይን ተክልም አላት። ከቢጂአይና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ጋር ስሙ የሚነሳው የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ችግኞቹን ከአገሩ አስመጥቶ በአሸዋማው የስምጥ ሸለቆ መሬት ላይ ተከለ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2006 ዓ.ም. ገደማ ገበያ ላይ ዋሉ። እርሻው ዙሪያውን ሁለት ሜትር በሚሰፋ ቦይ ተከቧል፤ ጅብ፣ ጉማሬና ዘንዶ ዘልቀው እንዳይገቡ ነው።

የወይን ተክል በቀዝቃዛ አገር ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን አርግፎ ወራት የሚተኛ ነው። ዝዋይ ላይ እንዲህ የሚያስተኛው ብርድ የለም። ስለዚህ የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም ገበሬው ነው፤ ግንዱን ይገርዛል፣ ውሃውን ይቀንሳል፣ መልሶ ይለቃል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀን ፍሬው ስኳር ያከማቻል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ኮምጣጣነቱን ጨርሶ እንዳያጣ ይጠብቀዋል። ይህ ኮምጣጣነት ቀላል ነገር አይደለም። እሱ የጎደለው ወይን አፍ ውስጥ ይዝላል፣ ከእንጀራ ጋር ሲቀርብ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

ካስቴል ከዚህ እርሻ ሁለት ዓይነት ጠርሙስ ያወጣል። ሪፍት ቫሊ የሚባለው በአንድ የወይን ዝርያ ስም የሚሸጥ ነው፤ ሻርዶኔ፣ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን አለው። አካሺያ የሚባለው ዋጋው ቀለል ያለ ሲሆን ድራይ (ጣፋጭነት የሌለው)፣ መካከለኛ ጣፋጭና ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው) እየተባለ ይቀርባል። ከእነዚህ በፊትም ቢሆን የኢትዮጵያ ገበታ ያለ ወይን አልኖረም። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የሚሠራው አዋሽ ወይን ጠጅ ጉደርን፣ አክሱማይትንና ክሪስታልን ለብዙ ትውልድ ሠርግና በዓል አቅርቧል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ሲዛወር ከገዢዎቹ አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የሚመራው ኤይት ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር፤ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ለኢትዮጵያ እርዳታ ሙዚቀኞችን ያሰባሰበው ያው ጌልዶፍ ማለት ነው።

ጠርሙሱ እንግዲህ ሞልቷል። የቸገረው አጣማሪው ነው። የምግብ ቤት አስተናጋጅ “ቀይ ለሥጋ፣ ነጭ ለዓሣና ለዶሮ” የሚለውን የፈረንጅ ደንብ ተምሮ ይመጣል። ደንቡ ግን የወጣው ሥጋው ቅመም ሳይበዛበት ለሚበስልበት ማዕድ ነው። በእኛ ገበታ ላይ ጣዕሙን የሚወስነው ዶሮው ወይም በጉ ሳይሆን የተሠራበት ወጥ ነው። በርበሬው፣ ቁሌቱ፣ ንጥር ቅቤውና የእንጀራው ኮምጣጣነት ናቸው ወይኑን የሚፈትኑት።

አፍ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። የበርበሬን ማቃጠል የሚያመጣው ካፕሳይሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። አልኮል ይህን ቃጠሎ ያባብሰዋል፤ 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን በሚጥሚጣ ላይ ሲጨመር እሳት ላይ እሳት ነው። የቀይ ወይን ታኒን፣ ማለትም ወፍራም ሻይ ምላስ ላይ የሚተወውን መድረቅ የሚያመጣው ነገር፣ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር እየተያያዘ አፍን ስለሚያደርቅ በቃጠሎው ላይ ሻካራነት ይጨምራል። ስኳር በአንጻሩ ያበርደዋል። ስብና የሥጋ ፕሮቲን ታኒኑን ያለዝቡታል፤ ጨውም ምሬቱን ያስታግሳል። ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ እንደ እሱ ኮምጠጥ ያለ ወይን ይፈልጋል፤ አለዚያ ወይኑ ውሃ ውሃ ይላል። እነዚህን ያወቀ ሰው የወይን ስም ባይሸመድድም የጠርሙሱን ወረቀት አንብቦ ብቻ ጥሩ ምርጫ ማድረግ ይችላል።

ዶሮ ወጥን እንመልከት፤ የበዓሉ ንጉሥ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ከባዱ ፈተና ስለሆነ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በቀስታ ሲቁላላ ውሃው ተንኖ ስኳሩ ይቀራል፤ ስለዚህ የቁሌቱ መሠረት ጣፋጭ ነው። በላዩ በርበሬው ይገባል። ቅቤው ኮሰረትና ኮረሪማ ይዞ ይመጣል፤ መከለሻው በመጨረሻ ሽታውን ያነሳዋል። ጣፋጭ፣ የሚያቃጥልና ቅባታም በአንድ ጉርሻ ማለት ነው። ለዚህ ምግብ ድራይ ካበርኔ ማቅረብ ለሁለቱም አይበጅም፤ ወይኑ መራራ ይሆናል፣ ወጡም ከተሠራው በላይ ያቃጥላል። የሚስማማው የአካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ ነው፤ ነጩም ቀዩም ይሆናል፣ ግን ቀዩም ቢሆን ከፍሪጅ ወጥቶ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። ጣፋጭ ወይን የጀማሪ መጠጥ ነው የሚል አስተያየት ከተማ ውስጥ ይሰማል። ዶሮ ወጥ በቀረበበት ማዕድ ይህ አስተያየት ፈጽሞ ስህተት ነው።

ለዚህ ምስክር ከተፈለገ ጠጅ አለ። ብዙ ጊዜ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ በጌሾ የሚፈላው ጠጅ በውስጡ የማር ጣፋጭነት አለው፣ የመፍላት ኮምጣጣነት አለው፣ የጌሾ ምሬትም አለው። ታኒን ግን እንደ ቀይ ወይን አያስጨንቀውም። በብርሌ ቀዝቀዝ ብሎ ከዶሮ ወጥና ከክትፎ ጋር ለዘመናት የቀረበው ጣዕሙ ስለሚያዋጣ ነው። ጠጅ ጣዮቹ እናቶች ስለ ካፕሳይሲን ሳይሰሙ መልሱን አግኝተውታል፤ ዛሬ ወይን የሚያጣምር ሰው የሚከተለው ፈለግ የእነሱን ነው።

ሲራ ሌላ ታሪክ ነው፤ ከዝዋይ ወይኖች ሁሉ ለአገሩ ምግብ በጣም የቀረበው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሲራ ወይን ሲሸተት ጥቁር ፍሬ ፍሬ ይላል፤ ከፍሬው ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁንዶ በርበሬ ብቅ ይላል። ይህ የቀማሽ ቅዠት አይደለም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳወቁት፣ ሲራ ውስጥ ያለው ሮተንዶን የተባለ ንጥረ ነገር ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። በዚያው ጥናት ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል ይህን ሽታ ጨርሶ አይሰማውም፤ ስለዚህ አንዱ “ቁንዶ በርበሬ ሸተተኝ” ሲል ሌላው ምንም ካልሸተተው ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ለሲራ የሚመጥነው የበግ ጥብስ ነው። ጥብሱ ድስት ላይ ሲጮህ ስቡ ይቀልጣል፤ የጥብስ ቅጠሉና ቃሪያው መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ስቡ ታኒኑን ይቀበለዋል፤ የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ከወይኑ ቅመም ጋር ይገናኛል። አዋዜው ግን ለብቻው በሳህን ይቅረብ፤ በላዩ ላይ ከፈሰሰ ነገሩ ተመልሶ ወደ ዶሮ ወጡ ችግር ይሄዳል። ደረቅ ጥብስ ከሆነ፣ ጠንከር ያለው ካበርኔ ሶቪኞን እንኳን ቦታ ያገኛል። ካበርኔ ውስጥ አንዳንዴ የሚሸተው ለጋ ቃሪያ ነው፤ እሱም የሚመጣው ቃሪያ ውስጥ ካለው ፒራዚን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው።

ካበርኔ ከቁርጥ ጋርም ያምራል። ታኒንን እንደ ጥሬ ሥጋ የሚያለዝብ ነገር የለም። ጥንቃቄው ሚጥሚጣው ላይ ነው፤ ሥጋው ነካ ተደርጎ ይነሳ እንጂ አይዘፈቅ። ክትፎ ግን ለስለስ ያለ ነገር ነው፤ ቅቤውና ኮረሪማው ስለሚበዙበት ሜርሎ ይበቃዋል። ሜርሎ ከካበርኔ ይልቅ ለምላስ ልዝብ ሲሆን የበሰለ ፕሪም ጣዕም ይዞ ይመጣል። አይቡ ከጎን ካለ በሁለቱ መካከል አፍን ያሳርፋል።

ለሻርዶኔ ከሐይቁ ራሱ የወጣውን ቆሮሶ የሚያህል ጓደኛ የለም። ዓሣው ጎኑ ተተልትሎ በዘይት ሲጠበስ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ እርጥብ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። በሞቃት ቦታ ያደገ ሻርዶኔ የአናናስና የኮክ ሽታ ይይዛል፤ በእንጨት በርሜል የቆየ ከሆነ ቅቤ ቅቤ ማለቱም የተለመደ ነው። ሎሚው የወይኑን ፍሬ ያነቃዋል። ከአንድ ውሃ የጠጡ ዓሣና ወይን በአንድ ገበታ ሲገናኙ ማየት ደስ ይላል፤ ሐይቁ ዳር ያሉ ዓሣ ቤቶች ይህን ጥንድ በኩራት ቢያቀርቡት ይገባቸዋል።

የአትክልት በያይነቱ ነገር ግን ብዙዎችን ያሳስታል። በጾም ወይን የማይቀምስ ብዙ ነው፤ በያይነቱ ግን በፍስክም ይበላል። ምስር ወጡ ያቃጥላል፣ ጎመኑ ይመርራል፣ ቀይ ሥሩ ይጣፍጣል፣ አዚፋው በሰናፍጭ አፍንጫ ይነካል። የእንስሳት ስብ ስለሌለበት ታኒን የሚያርፍበት የለውም። ሮዜ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ቀዝቅዞ ሲቀርብ ከሁሉም ጋር ይግባባል። ሽሮም እንዲሁ ነው።

ወይኑን ለመለየት የሚፈለገው ትንሽ ትዕግሥት ነው። ብርጭቆው ከሲሶው በላይ አይሞላ፤ ባዶው ቦታ ሽታው የሚሰበሰብበት ነው። እግሩን ይዞ ዞር ዞር ማድረግ፣ ማሽተት፣ ጥቂት ጎንጨት ብሎ በምላስ ዙሪያ ማዳረስ፣ ከዚያ መጉረስ፣ ቀጥሎ እንደገና መጎንጨት። ዋናው ነገር ያለው ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ነው። ወይኑ ከጉርሻው በኋላ ከፊተኛው ይልቅ ከጣፈጠ ጥንዱ ሠምሯል፤ ከመረረ ወይም ካቃጠለ ጠርሙሱ ይቀየር።

ወይንን ከኮካ ወይም ከስፕራይት ጋር መቀላቀል በየሆቴሉ የሚታይ ልማድ ነው። ጉደርን በለስላሳ የሚጠጣ ሰው ጣፋጭነትና ቅዝቃዜ ፈልጎ ነው፤ ከወጥ ጋር የሚያስፈልገውም እሱው ስለሆነ ደመ ነፍሱ አልተሳሳተም። ነገር ግን ኮካው የወይኑን ጣዕም ጨርሶ ይውጠዋል። ያንኑ የሚሻ ሰው ጣፋጩን አክሱማይት አቀዝቅዞ ቢጠጣ ወይኑንም ያገኛል፣ በርበሬውንም ያበርዳል። መቀላቀሉ ግድ ከሆነ ነጩን ወይን በአምቦ ውሃ ማቅጠን ይሻላል፤ አልኮሉ ይቀንሳል፣ ጣዕሙ ግን አይሸፈንም።

ከአገር ውጭ የሚኖር ሰው የዝዋይን ጠርሙስ ባያገኝም መርሁን ይዞ መግዛት ይችላል። ጀርመን ያለ ገዢ ሪስሊንግ ሲመርጥ ወረቀቱን ልብ ይበል፤ “ትሮክን” የሚለው ጣፋጭነት የሌለው ነው፣ “ሃልብትሮክን” ወይም “ፋይንሄርብ” የሚለው ለበርበሬ የሚስማማው ነው። ከሞዘል ሸለቆ የሚመጣው “ካቢኔት” የተባለው ሪስሊንግ ብዙ ጊዜ ጣፋጭነት ያለውና አልኮሉ ከ10 በመቶ በታች ስለሆነ ለዶሮ ወጥ እጅግ ያመቻል። እስራኤል ያሉ ወገኖች በጎላን አካባቢ የሚመረተውን ጌቩርትስትራሚነር ሊሞክሩት ይገባል፤ የጽጌረዳና የዝንጅብል ሽታው ከቅመማችን ጋር ይዛመዳል። ዋሽንግተን ባሉ ምግብ ቤቶች ከባድ የካሊፎርኒያ ቀይ ከቀረበ ለጥብስ ቀን ማቆየት ነው።

የቀረው አያያዝ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ወይን በከንቱ ይበላሻል። በየምግብ ቤቱ ጠርሙሶች ለጌጥ ተብለው ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ወይም ከምድጃው በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ ለወራት ይቆማሉ። ሙቀትና ብርሃን ወይንን ያበስሉታል፤ ሲከፈት ፍሬው ሄዶ የተቀቀለ ዘቢብ ሽታ ብቻ ይቀራል። ደንበኛ ከመደርደሪያው ሳይሆን ከጓዳ የወጣ ጠርሙስ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ጨለማ ቦታ ላይ ጋደም ይበል። ነጭና ሮዜ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀይ ደግሞ ከ16 እስከ 18 ላይ ጥሩ ነው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ የቤት ሙቀት ከዚህ በጣም ስለሚያልፍ ቀዩን ከማቅረብ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ተከፍቶ የተረፈው ተመልሶ ተወትፎ ፍሪጅ ከገባ ለሁለትና ለሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ያለፈው ቀይ ወይን ለመጠጥ ባይሆንም ጥብስ ሲሠራ ከሽንኩርቱ ጋር ጠብ ይደረግበታል።